በአንድ ግድግዳ ላይ ብዙ እጆች፤ ስለ ማክጋቤንግ የሳን ሥዕሎችና ከእነርሱ በኋላ ስለ መጡት ምልክቶች

ባለፈው ዓመት በአንድ የታሪክ ትምህርት ሰዓት ከጓደኞቻችን አንዱ እንዲህ ሲል ጠየቀ፤ «በጥንት የዐለት ሥዕል ላይ ኋላ የመጡ ሰዎች የጨመሩት ምልክት ቢገኝ፣ ያ ምልክት ታጥቦ ወይም ተፍቆ ጥንታዊው ሥዕል ንጹሕ ሆኖ ሊታይ አይገባውምን?» ከመካከላችን የሚበዙት «ይገባዋል» አሉ፤ እኔም ከእነርሱ ጋራ ነበርሁ። ከዚያ ወዲህ ስለ ነገሩ በቤተ መጻሕፍት ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ቆይቼ ሐሳቤን ለውጫለሁ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሐሳቤ ስለ ምን እንደ ተለወጠ፣ በደቡብ አፍሪካ የሚገኘውን አንድ ስፍራ ምሳሌ በማድረግ፣ ለአንባቢዎች ማስረዳት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ስፍራውና ድንጋዩ

ማክጋቤንግ በደቡብ አፍሪካ ሰሜናዊ ክፍል፣ በሊምፖፖ ክፍለ ሀገር የሚገኝ አምባ ነው። በስተሰሜኑ ብላውበርግ፣ ማለት «ሰማያዊ ተራራ» የተባለው ይታያል። አምባው የአሸዋ ድንጋይ ነው፤ ይኸውም ወደ 2 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነፋስ እየከመረ የሠራው የበረሃ አሸዋ በጊዜ ብዛት ተጣብቆና ጠንክሮ ድንጋይ የሆነ ነው።

የአሸዋ ድንጋይ እንደ ጥቁር ድንጋይ እኩል የጠነከረ አይደለም። ውሃ በውስጡ ይሰርጋል፤ ውሃው ሲደርቅ ጨው ይቀራል፤ ጨውም የድንጋዩን ቅንጣቶች እያላላ ያፈርሳቸዋል። ለስላሳው ንብርብር ከሥር ተበልቶ ሲወድቅ ጠንካራው ከላይ እንደ ጣራ ተንጠልጥሎ ይቀራል። እንደዚህ ያለው ስፍራ ወደ ውስጥ ጠልቆ የሚገባ ጨለማ ዋሻ ሳይሆን ብርሃን የሚያገኝ፣ ነገር ግን ዝናብና ፀሐይ በቀጥታ የማይደርሱበት መጠለያ ነው። በዚህ ጽሑፍ «የዐለት ከለላ» የምለው ይህንን ነው። ሰው ከዝናብ ሲሸሽ፣ እሳት ሲያነድ፣ ወይም ለሥርዐት ሲሰበሰብ እንደዚህ ያለውን ስፍራ ይመርጣል፤ ከጀርባው ያለውም ደረቅ ግድግዳ ለሥዕል የተመቸ ነው። ስለዚህ አንዱ ሕዝብ ሥዕል የተወበትን ከለላ ሌላው ሕዝብ ከብዙ ዘመን በኋላ መልሶ ቢገባበት የሚያስደንቅ አይደለም።

በማክጋቤንግ ከለላዎች ውስጥ ተመራማሪዎች ሦስት ዐይነት የሥዕል ልማድ ለይተው አሳይተዋል። እኔ «ሦስት እጆች» ብያቸዋለሁ።

የመጀመሪያው እጅ

የመጀመሪያው እጅ የሳን ሕዝቦች ነው። ሳን የአንድ ነገድ ስም አይደለም፤ በደቡባዊው አፍሪካ በአደንና ፍሬ በመልቀም ይኖሩ የነበሩ፣ ቋንቋቸው የተለያየ ብዙ ሕዝቦች በአንድነት የሚጠሩበት ስም ነው። አውሮፓውያን «ቡሽመን» ይሏቸው ነበር።

የእነርሱ ሥዕል በቀጭን ብሩሽ የተሠራ ስለሆነ በቀላሉ ይታወቃል። የአንድ አጋዘን ጆሮ፣ ሰኮናና የአንገት ጠጕር ሳይቀር ተለይቶ ይታያል። ቀዩ ቀለም የብረት ዝገት ካለበት አፈር፣ ጥቁሩ ከከሰል ወይም ከጥቀርሻ፣ ነጩም ከነጭ አፈር ይሠራ ነበር። ቀለሙ በምን ይበጠበጥ እንደ ነበር የሚገልጽ አንድ ምስክርነት ከማክጋቤንግ ርቆ በሌሶቶ ተራሮች ተገኝቷል። ማፖቴ የተባለ ሽማግሌ በ1930 አካባቢ ማሪዮን ሃው ለተባለች ሴት ሲሥል ባሳየ ጊዜ፣ ቀለሙን የሚበጠብጥበት ትኩስ የኢላንድ ደም ጠየቀ። ኢላንድ ከሚዳቋ ወገን ሁሉ ትልቁ የዱር እንስሳ ነው። ነገር ግን በዚያን ጊዜ በአካባቢው ኢላንድ ስላልተገኘ በበሬ ደም ሠራ። ሃው ይህንን በመጽሐፍ ያወጣችው በ1962 ነው።

ስለ ዕድሜያቸው በእርግጥ መናገር የሚቻለው በጥቂቱ ነው። ቀይ አፈር በራዲዮካርቦን መንገድ ዕድሜው ሊለካ አይችልም፤ ልኬቱ ካርቦን ይፈልጋልና። ስለዚህ የሚለካው በከሰል ወይም በጥቀርሻ የተሠራው ብቻ ነው። በ2017 በታተመ ጥናት በቦትስዋና የሚገኙ አንዳንድ ሥዕሎች ከ5,000 ዓመት ገደማ በፊት የተሣሉ መሆናቸው ታውቋል። በናሚቢያ አፖሎ 11 በተባለው ዋሻ የተቆፈሩት ሥዕል ያለባቸው የድንጋይ ሰሌዳዎች ደግሞ ወደ 27,000 ዓመት ይጠጋሉ።

ሁለተኛውና ሦስተኛው እጅ

ሁለተኛው እጅ ብሩሽ አያውቅም፤ በጣት ይሥላል። የሚሥለውም በአብዛኛው እንስሳ ሳይሆን ክብ፣ መስመር፣ ነጠብጣብና የእጅ አሻራ ነው። ብዙ ተመራማሪዎች ይህንን የኮይኮይ እረኞች ሥራ ነው ይላሉ። እነዚህ በግና ከብት ይዘው ወደ ደቡባዊው አፍሪካ የገቡት ከ2,000 ዓመት ገደማ ወዲህ ነው።

ሦስተኛውም እጅ በጣት ይሥላል፤ ነገር ግን ቀለሙ ወፍራም ነጭ አፈር ነው። ይህ የሰሜን ሶቶ ቋንቋ ተናጋሪ ገበሬዎች ልማድ ነው። በብላውበርግና በማክጋቤንግ ከእነዚህ መካከል ሃናንዋ የተባሉት በ19ኛው መቶ ዓመት ኀይለኞች ሆነው ይኖሩ ነበር። ቀደም ያሉት ነጭ ሥዕሎች ቀጭኔ፣ ዝሆን፣ አዞና ሌሎችም እንስሳት ሲሆኑ፣ ልጆች ወደ ጕልማሳነት ከሚሸጋገሩበት «ኮማ» ከተባለው ሥርዐት ጋራ የተያያዙ ናቸው። ኋላ ግን በዚያው ነጭ አፈር ሌላ ነገር ይታያል፤ ባርኔጣ ያደረገና እጆቹን በወገቡ ላይ የያዘ ሰው፣ ጠመንጃ፣ ፈረስ፣ ባቡርም ሳይቀር።

ይህ ለውጥ ከየት መጣ? በ1894 የትራንስቫል መንግሥት ጦር በጄኔራል ፒት ዡበርት አዛዥነት የሃናንዋን ንጉሥ ማሌቦሆን በብላውበርግ ከበበው። ከበባው ሕዝቡን ከውሃ ስለ ለየው ማሌቦሆ በሐምሌ ወር መጨረሻ እጁን ሰጠ። ንጉሡ ፍርድ ሳያገኝ በፕሪቶሪያ ታሰረ፤ የተፈታውም እንግሊዞች ከተማዋን ከያዙ በኋላ በ1900 ነው። ከሕዝቡም ብዙዎች ለነጭ ገበሬዎች በግዳጅ አገልጋይነት ተከፋፈሉ።

ስለዚህ ጦርነት በጽሑፍ የቀረ ምስክር አለ። ክሪስቶፍ ሶንታግ የተባለ ጀርመናዊ ሚስዮናዊ በተራራው ሥር ሆኖ ያየውን በዕለት ማስታወሻው ጽፏል፤ በ1983ም በመጽሐፍ ወጥቷል። የትራንስቫልም ሹማምንት ደብዳቤና ሪፖርት ትተዋል። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ ከውጭ ሆነው የተመለከቱ ሰዎች ናቸው። ዮሐን ፋን ስካልክቬይክና ቤንጃሚን ስሚዝ በ2004 ባወጡት ጥናት እንዳስረዱት፣ ተሸናፊው ወገን ነገሩን በራሱ እጅ የገለጸበት ሰነድ በማክጋቤንግ ግድግዳዎች ላይ ያለው ነጭ ሥዕል ነው። እጁን በወገቡ ይዞ የቆመው ባለ ባርኔጣ ሰው የተሣለው በፍርሃት ብቻ አይደለም፤ በአሽሙርም ጭምር ነው። የተሸነፈ ሰው አሸናፊውን በግልጽ ሊሰድበው በማይችልበት ጊዜ በሥዕል ይሥቅበታል።

እንግዲህ በክፍላችን የተነሣውን ጥያቄ አስቡት። «ኋላ የመጣው ይታጠብ» ብለን ብንወስን ኖሮ የምናጥበው ይህንን ሰነድ ነበር።

እንዴት እንደሚነበብ

እንደዚህ ያለውን ግድግዳ የሚያነብ ሰው አራት ጥያቄዎች ሊጠይቅ ይገባዋል።

አንደኛው፣ የትኛው ከላይ ነው? የሚለው ነው። በላይ ያለው በሥር ካለው በኋላ እንደ ተሣለ የታወቀ ነው። ነገር ግን በሁለቱ መካከል ያለፈው ጊዜ አንድ ቀን ይሁን ወይም አንድ ሺህ ዓመት መደራረቡ ብቻውን አይነግረንም።

ሁለተኛው፣ በምን ተሣለ? ብሩሽና ጣት፣ ቀጭን ቀለምና ወፍራም አፈር የእጁን ባለቤት ለመለየት ይረዳሉ። በዚህ ላይ አንድ መጠንቀቅ የሚያሻው ነገር አለ። ቀጭኑ ቀይ ቀለም ወደ ድንጋዩ ቀዳዳዎች ሰርጎ ስለሚገባ ለብዙ ዘመን ይቆያል፤ ነጩ ግን ላዩ ላይ ስለሚቀመጥ ቶሎ ይረግፋል። ስለዚህ አንዳንድ የሳን ሥዕል ውስጥ ራስና እግር የሌለው ቀይ የእንስሳ አካል ብቻ እናያለን፤ ሠዓሊው ራሱንና እግሩን በነጭ ሠርቶት ነበርና። በዚሁ ምክንያት የማክጋቤንግ ነጭ ሥዕሎች ከሁሉ ታናሾች ሲሆኑ ከሁሉ በፊት የመጥፋት አደጋ ያለባቸው እነርሱ ናቸው። የደበዘዘው ሁሉ ጥንታዊ፣ የደመቀው ሁሉ አዲስ አይደለም።

ሦስተኛው፣ ምን ተሣለ? ባቡር የተሣለው ባቡር ከታየ በኋላ ነው። ሆኖም ከዚህ የሚገኘው የመጀመሪያው ሊሆን የሚችል ጊዜ እንጂ ትክክለኛው ዓመት አይደለም። የባቡር ሐዲድ ለማክጋቤንግ ወደምትቀርበው ወደ ፒተርስበርግ ከተማ የደረሰው በ1899 ነው፤ ሆኖም ከሰሜን ሶቶ ወገን ብዙ ጕልማሶች ወደ ኪምበርሊ የአልማዝ ጕድጓድ ለሥራ ይሄዱ ነበር፤ ወደዚያም ሐዲድ የገባው በ1885 ነው። ሠዓሊው ባቡሩን በየት እንዳየው ካላወቅን ዓመቱን ቈርጠን መናገር አንችልም።

አራተኛው፣ ማን ይመሰክራል? ይህ ከሁሉ የሚከብደው ነው። ስለ ነጭ ሥዕሎች የሃናንዋ ሽማግሌዎች ሊጠየቁ ችለዋል። የሳን ሠዓሊዎች ግን በብዙ ስፍራ ተገድለዋል፣ ተሰደዋል፣ ወይም ከሌላው ሕዝብ ጋራ ተቀላቅለው ቋንቋቸው ጠፍቷል። ለእነርሱ ሥዕል የቀረው ምስክር እጅግ ጥቂት ነው፤ እርሱም ለጥቂት ከመጥፋት የተረፈ ነው።

ስለ ምስክሮች

በዚህ ነጥብ ላይ ከማክጋቤንግ ወደ ደቡብ፣ በደቡብ አፍሪካና በሌሶቶ ድንበር ወዳለው ወደ ድራከንስበርግ ተራራ መሻገር ግድ ይሆንብናል። እዚያም ከለላዎቹ የአሸዋ ድንጋይ ናቸው፤ የሳን ሥዕሎችም ከ600 በሚበልጡ ስፍራዎች ይገኛሉ።

በ1873 የህሉቢ ሕዝብ አለቃ ላንጋሊባሌሌ ጠመንጃ በማስመዝገብ ምክንያት ከናታል ቅኝ ገዢ መንግሥት ጋራ ተጣልቶ በተራራው ላይ ሸሸ። እርሱን ለመያዝ ከወጡት መካከል ጆሴፍ ኦርፐን የተባለ ሹም ነበረ፤ መንገድ መሪውም ቂንግ የተባለ የሳን ወጣት ነበር። በጕዞው ላይ ኦርፐን በከለላዎች ያያቸውን ሥዕሎች እየገለበጠ ትርጕማቸውን ቂንግን ጠየቀው። ቂንግም ስለ አምላካቸው፣ ስለ ኢላንድ አፈጣጠር፣ ስለ ጭፈራቸውና ስለ ሙታን ነገረው፤ ከምስጢሩም ሥርዐቱን የፈጸሙ ብቻ የሚያውቁት፣ እርሱ ግን የማያውቀው እንዳለ አልሸሸገም። ይህ በ1874 በኬፕ ታውን መጽሔት ታተመ።

የኦርፐን ግልባጮች ቪልሄልም ብሌክ ለተባለው የቋንቋ ሊቅ ደረሱ። ብሌክና የሚስቱ እኅት ሉሲ ሎይድ በኬፕ ታውን ካም የሚባለውን የሳን ቋንቋ ከሚናገሩ፣ አንዳንዶቹም እስረኞች ከነበሩ ሰዎች እየሰሙ ይጽፉ ነበር። የተዉት ማስታወሻ ከ12,000 ገጽ ይበልጣል። ዛሬ ቋንቋውን የሚናገር የለም። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዴቪድ ሉዊስ-ዊሊያምስ እነዚህን ማስታወሻዎችና በካላሃሪ ከሚኖሩ የሳን ሕዝቦች የተሰማውን አገናኝቶ፣ ብዙዎቹ ሥዕሎች የአደን መዝገብ ብቻ ሳይሆኑ ፈዋሾች በጭፈራ ተመስጦ ውስጥ የሚያዩትንና ከኢላንድ የሚያገኙትን ኀይል የሚገልጹ መሆናቸውን ተከራከረ። ሁሉም ሊቃውንት በየነጥቡ ባይስማሙበትም፣ ያለ ቂንግና ያለ ካም ተናጋሪዎች ክርክሩ እንኳ ሊነሣ ባልቻለ ነበር።

አሁን አንባቢው የሚከተለውን ልብ ይበል። በዚያው በላንጋሊባሌሌ ዘመቻ ምክንያት በ1874 የእንግሊዝ 75ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር በድራከንስበርግ ጃያንትስ ካስል በተባለው ስፍራ ሰፈረ። በዋናዎቹ ከለላዎች አጠገብ ባለ ትልቅ ድንጋይ ላይም «75» የሚል ቍጥር ተቀረጸ፤ እስከ ዛሬም ይታያል። አንዱ ዘመቻ ሁለት ነገር ትቶልናል፤ በአንድ በኩል የሳን ሰው ስለ ሥዕሉ የተናገረውን ቃል፣ በሌላ በኩል በሥዕሉ ጎረቤት የተቀረጸውን የወታደር ቍጥር። ቍጥሩ ውበት የለውም። ነገር ግን የሳን ሕዝብ ከተራራው የጠፋበት ዘመን ምን ይመስል እንደ ነበር ከብዙ ገጽ ይልቅ ይናገራል።

ምስክር ሳይሰማ የሚያነብ ሰው ምን ያህል እንደሚስት የሚያሳይ አንድ ምሳሌ ልጨምር። ፈረንሳዊው ቄስ አንሪ ብሬይ በአገራችን የሚታወቅ ሊቅ ነው፤ በ1933 ወደ ድሬዳዋ መጥቶ የፖርክ ኤፒክን ዋሻ መርምሯል፤ ስለ ሐረርጌም የዐለት ሥዕሎች ጽፏል። ይኸው ታላቅ ሰው በናሚቢያ ብራንድበርግ ተራራ ያለውን አንድ ሥዕል አይቶ ከሜዲትራኒያን ባሕር አካባቢ የመጣች «ነጭ እመቤት» ናት አለ። ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት ግን ሥዕሉ ነጭ ሰው አይደለም፤ ሴትም አይደለም፤ የአገሬው ሠዓሊ ሥራ ነው። ብሬይ ዐይኑ አልደከመም፤ የስሕተቱ ምንጭ ይህን ያህል ጥበብ ከአፍሪካውያን እጅ ሊወጣ አይችልም የሚለው የዘመኑ አስተሳሰብ ነው።

ለጥያቄው መልስ

እንግዲህ ወደ ክፍላችን ጥያቄ እንመለስ። በደቡብ አፍሪካ በ1999 የወጣው የቅርስ ሕግ ከ100 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለውንና በሰው እጅ በዐለት ላይ የተሠራውን ሥዕልም ቅርጽም ሁሉ፣ በዙሪያውም ያለውን 10 ሜትር ስፍራ፣ በአንድነት ይጠብቃል። ሕጉ የሠዓሊውን ዘርና የሥራውን ውበት አይጠይቅም። በዚህ ትርጓሜ መሠረት የሳን ኢላንድ፣ የሃናንዋ ባለ ባርኔጣ፣ የወታደሩም «75» እኩል ናቸው።

ይህ አስተሳሰብ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባውም። በአገራችን አብያተ ክርስቲያናት ባሉ የወንጌል ብራናዎች ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ኋላ የመጡ ሰዎች የርስትና የጉልት ስጦታ፣ ውልና ልዩ ልዩ ማስታወሻ ጽፈውባቸዋል። ብራናውን ንጹሕ ለማድረግ ብሎ እነዚህን የሚፍቅ ሰው ቢገኝ የታሪክ መምህራኖቻችን ምን እንደሚሉት መገመት አያዳግትም።

«እንግዲያው ዛሬ በዐለቱ ላይ ስሙን የሚቀርጽ ሰውም ታሪክ ይሠራል ማለት ነውን?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ ዐውቃለሁ። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ የወታደሩም ቍጥር ያን ዕለት ከዚህ የተለየ አልነበረምና። የምመልሰው እንዲህ ነው። የተደረገን ማንበብና እንዲደረግ መፍቀድ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሃናንዋ ሠዓሊ ሌላ የሚናገርበት ወረቀት አልነበረውም፤ እኛ ግን አለን። አዲስ ጭረት ሲገኝ በመጀመሪያ በፎቶግራፍና በጽሑፍ ይመዝገብ፤ ይነሣ ወይስ ይቅር የሚለውን በሙያው የሠለጠነ ሰው ይወስን። ሥዕሉን ለማድመቅ ብሎ ውሃ መርጨት፣ በጣት መንካት፣ በጠመኔ መከተል ግን በማናቸውም ምክንያት ሊፈቀድ አይገባም፤ ውሃው ጨውን ያንቀሳቅሳል፣ ጨውም ቀለሙን ከድንጋዩ ይገነጥላል።

ይህንን የምጽፈው ከነቀፋ ነጻ ሆኜ አይደለም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ከትምህርት ቤታችን በላይ ባለ ገደል ውስጥ፣ ከሦስት ጓደኞቼ ጋራ፣ ስሜንና ዓመተ ምሕረቱን በምስማር ቀርጫለሁ። በዐለቱ ላይ ከእኛ በፊት የነበረ ምልክት ይኑር አይኑር አልተመለከትንም፤ መመልከት እንደሚገባም የነገረን አልነበረም። ባለፈው ክረምት ተመልሼ ሄጄ ነበር። ስሜ አለ። በሥሩ ጥቂት ቀይ ነገር ይታያል፤ የድንጋዩ የራሱ ዝገት ይሁን ወይም የሰው እጅ ሥራ ለመለየት እኔ የቀረጽሁት መስመር በመካከሉ አልፎበታል።